የድንግዝግዝ ዓሣ፦ የበጋ ዎልአይ ማጥመድ በሚል ላክስ ሐይቅ

ዎልአይ በሰሜን አሜሪካ ሐይቆችና ወንዞች የሚኖር፣ ሌሎች ዓሦችን እየበላ የሚያድግ የፐርች ቤተሰብ ዓሣ ነው። የሳይንስ ስሙ ሳንደር ቪትሪየስ ይባላል። ጎኑ ወይራማና ወርቃማ፣ ሆዱ ነጭ ሲሆን ጀርባው ላይ ሁለት ክንፎች አሉት። የፊተኛው ክንፍ እሾሃማ በመሆኑ ሳይጠነቀቅ የጨበጠውን ሰው እጅ ይወጋል። ሳውገር ከሚባለው የቅርብ ዘመዱ የሚለየው የጅራቱ የታችኛው ጫፍ ነጭ በመሆኑ ነው። የሚኒሶታ ግዛት እ.ኤ.አ. በ1965 የግዛቲቱ መለያ ዓሣ አድርጋ መርጣዋለች። በዚያች ግዛት ከተመዘገቡት ሁሉ ትልቁ እ.ኤ.አ. በ1979 የተያዘው ሲሆን፣ 17 ፓውንድ ከ8 አውንስ ወይም 8 ኪሎ ግራም ያህል መዝኗል። የዘወትር አጥማጅ የሚያወጣው ግን አብዛኛውን ጊዜ ከግማሽ ኪሎ እስከ አንድ ኪሎ ተኩል የሚመዝነውን ነው።

ዓይኑና ብርሃን

የዎልአይን ጠባይ የሚወስነው ዓይኑ ነው። ብርሃን ከሚቀበለው የዓይኑ ሽፋን ጀርባ የሚያንጸባርቅ ንጣፍ አለ። መጀመሪያ ሲያልፍ ያልተያዘው ብርሃን ከዚህ ንጣፍ ላይ ነጥሮ በዚያው ሽፋን ለሁለተኛ ጊዜ ያልፋል። በዚህ ምክንያት ዎልአይ በድንግዝግዝታ፣ በሌሊትና በደፈረሰ ውሃ ከሌሎች ዓሦች የተሻለ ያያል። በጨለማ የባትሪ መብራት ሲበራበት ዓይኑ እንደ ድመት ዓይን የሚያበራውም ከዚህ የተነሣ ነው።

ዋና ምግቡ የሆነው ቢጫ ፐርች በአንጻሩ ቀን በደንብ ያያል፤ ሲመሽ ግን እይታው ይደክማል። ፀሐይ ልትጠልቅ ስትልና ጎሕ ሲቀድ አዳኙ ያያል፣ ታዳኙ አያይም። የዎልአይ ዋና የምግብ ሰዓት ይኸው ነው። ፀሐይ ስትከርርና ውሃው ጸጥ ሲል ዎልአይ ወደ ጥልቁ ይወርዳል፤ ካልሆነም በውሃ ውስጥ ሣር ጥላ ሥር ይጠለላል። ሰማዩ ሲደምን ወይም ነፋስ ተነሥቶ ውሃው ሲናወጥ ግን ማዕበሉ ብርሃኑን ስለሚሰባብረው በቀትርም ይበላል። አጥማጆች ነፋስ የሚገፋበትን ዳርቻ የሚመርጡት ለዚህ ነው። መቼ እንደሚወጣ፣ የት እንደሚቆም፣ መንጠቆው ስንት ሜትር መውረድ እንዳለበት የሚደረገው ስሌት ሁሉ የሚነሣው ከዚህ የብርሃን ጉዳይ ነው።

ሐይቁ

ሚል ላክስ በመካከለኛው ሚኒሶታ፣ ብዙ ኢትዮጵያውያን ከሚኖሩባቸው ከሚኒያፖሊስና ከሴንት ፖል ከተሞች ወደ ሰሜን 160 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቆ ይገኛል። ስፋቱ 535 ካሬ ኪሎ ሜትር ያህል ሲሆን፣ ሙሉ በሙሉ በሚኒሶታ ክልል ውስጥ ከሚገኙት ሐይቆች ከሬድ ሌክ ቀጥሎ ሁለተኛው ነው። የበረዶ ዘመን ግግር ሲያፈገፍግ የተወው የአፈርና የድንጋይ ክምር ውሃውን ገድቦ ፈጥሮታል። ትርፍ ውሃው በረም ወንዝ ወጥቶ ከሚሲሲፒ ወንዝ ጋር ይቀላቀላል።

ሐይቁ ሰፊ ይሁን እንጂ ጥልቅ አይደለም፤ ጥልቅ በሚባለው ቦታው እንኳ 13 ሜትር ያህል ብቻ ነው። በጥልቅ ሐይቆች በበጋ ሞቃቱ ውሃ ከላይ፣ ቀዝቃዛው ከታች ተለይቶ ይቀመጣል። ሚል ላክስን ግን ነፋስ ከላይ እስከ ታች ስለሚያደባልቀው ዓሣው ከወለሉ አጠገብም የሚተነፍሰው አየር አያጣም። በሌላ በኩል ሰፊና ጥልቀት የሌለው ውሃ በነፋስ ፈጥኖ ይቆጣል፤ ረጃጅምና ተቀራራቢ ማዕበል በጥቂት ጊዜ ይነሣል። ትናንሽ ጀልባዎች መብረቅ ሲታይ ወይም ነፋሱ ሲበረታ ቶሎ ወደ ዳር መመለስ አለባቸው።

ለአጥማጅ ዋናው ነገር የሐይቁ ወለል ነው። በደቡቡ ክፍል የድንጋይና የጠጠር ጉብታዎች ይበዛሉ። በመካከሉና በሰሜኑ ደግሞ ከዙሪያቸው ጥቂት ሜትር ከፍ ያሉ፣ አናታቸው ሰፊና ጠፍጣፋ የሆነ የጭቃ ደለሎች አሉ። ዎልአይ ሁለቱንም ይጠቀምባቸዋል፤ የሚለያየው ወቅቱ ነው።

ከፀደይ እስከ በጋ ማብቂያ

የሐይቁ በረዶ ቀልጦ የውሃው ሙቀት ከ6 እስከ 10 ዲግሪ ሴልሺየስ ሲደርስ ዎልአዮች ወደ ጠጠራማ ዳርቻ ይጠጋሉ። ሴቷ እንቁላሏን ጠጠር ላይ በትና ትሄዳለች፤ ጎጆም የለም፣ ጠባቂም የለም። እንቁላሉ በመቶ ሺህዎች ሊቆጠር ቢችልም ለአቅመ መራባት የሚደርሱት እጅግ ጥቂት ናቸው። የማጥመጃው ወቅት የሚከፈተው ይህ ካለፈ በኋላ፣ በሜይ ወር አጋማሽ ገደማ በሚውል ቅዳሜ ነው። ዓሣው በዚያን ጊዜ ገና ከጥልቅ ውሃ ስለማይገባ ከዳር ብዙ ሳይራቅ ይያዛል።

በጁን ወር ሐይቁ ይሞቃል። በጭቃው ውስጥ ተቀብረው የኖሩ ሜይፍላይ የተባሉ ነፍሳት ዕጮች በዚህ ወቅት ወደ ላይ እየተንሳፈፉ ይወጣሉ፤ ክንፍ አውጥተው በመንጋ ይበርራሉ፤ አንድ ወይም ሁለት ቀን ኖረው፣ ተራብተው ይሞታሉ። ዎልአይ ዕጮቹ ሲነሡ እየጠበቀ ይበላል። ምግቡ ከፊቱ ስለሚዘንብለት መንጠቆ ላይ ወደተሰካው ነገር ቸል ይላል። ማለዳ ጀልባው ላይ የረገፉ ክንፋማ ነፍሳት ተከምረው ያገኘ አጥማጅ በዚያ ቀን ትንሽ መንጠቆ፣ ትንሽ ምግብና ብዙ ትዕግሥት ይዞ ይወጣል።

በጁላይ ብዙው ዎልአይ ከዳር ርቆ በጭቃ ደለሎቹ ጠርዝና በጥልቁ የድንጋይ ጉብታ ላይ ይሰፍራል። ይህ ዓሣ የሚመቸው ሙቀት ከ20 እስከ 23 ዲግሪ ሴልሺየስ ገደማ ስለሆነ ውሃው ከዚያ በላይ ሲሞቅ ጥልቀትን ይመርጣል። በኦገስት በዚያው ዓመት የተፈለፈሉት የፐርች ጫጩቶች አድገው ሐይቁን ይሞሉታል። የጠገበ ዓሣን ማባበል አስቸጋሪ በመሆኑ ወሩ ከባድ ተብሎ ይታወቃል። በሴፕቴምበር ውሃው ሲቀዘቅዝ ዎልአይ እንደገና ወደ ዳር ይቀርባል።

ዕቃውና ዘዴው

የተለመደው ዕቃ ሁለት ሜትር ያህል የሚረዝም፣ ጫፉ ቀጭንና ተለማጭ የሆነ ዘንግ፣ ክር መጠምጠሚያና ሦስት ኪሎ ገደማ ክብደት የሚችል ቀጭን ክር ነው። በበጋ ከሚመረጡት የማባበያ ምግቦች ግንባር ቀደሙ አልቅት ነው። ለማጥመጃ የሚሸጠው ዝርያ ደም መጣጭ አይደለም፤ በሞቀ ውሃ ሳይሞት ቆይቶ እንደ ጥብጣብ እየተጥመለመለ ስለሚዋኝ ይወደዳል። የመሬት ትልና ትናንሽ ዓሦችም ያገለግላሉ።

በድንጋይ ጉብታ ላይ የሚሠራበት ዋና ዘዴ የተንሸራታች ተንሳፋፊ ነው። ክሩ ላይ በሚፈለገው ጥልቀት ልክ ትንሽ የክር ቋጠሮ ይታሰራል፤ ከሥሩ ዶቃ፣ ከዶቃው ሥር መሐሉ ቀዳዳ የሆነ ተንሳፋፊ፣ ቀጥሎ ትንሽ እርሳስ፣ በመጨረሻ መንጠቆ ይመጣል። አልቅቱ በሰፊው ጫፉ፣ በመጣበቂያው በኩል ይሰካል። ሲወረወር እርሳሱ ክሩን እየሳበ ይወርዳል፤ ቋጠሮው ዶቃው ላይ ሲደርስ መንጠቆው ከድንጋዩ አንድ ክንድ ከፍ ብሎ ይንጠለጠላል። ተንሳፋፊው ሲሰጥም ወዲያው አይጎተትም። የላላው ክር ተጠቅልሎ የዓሣው ክብደት ሲሰማ ዘንጉ በርጋታ ግን በጽናት ይነሣል።

በደለሎቹ ጠርዝ ደግሞ ጀልባዋን በዝግታ እያስኬዱ ማጥመድ ይሻላል። ከሐይቁ ሰሜን ምዕራብ በምትገኘው ብሬነርድ ከተማ አልና ሮን ሊንድነር የተባሉ ወንድማማቾች እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ መጨረሻ ያስፋፉት ሊንዲ ሪግ የዚህ ዘዴ አብነት ነው። ክሩ በእርሳሱ ቀዳዳ ውስጥ እንደ ልብ ያልፋል። ዓሣው ምግቡን ይዞ ሲሄድ ክሩ ይከተለዋል፤ እርሳሱ ግን ከወለሉ አይነሣም፤ ዓሣውም የሚጎትተው ክብደት ስለሌለ አይጠራጠርም። አጥማጁ የመጠምጠሚያውን ማቆሚያ ከፍቶ ክሩን በሌባ ጣቱ ይይዛል። የመጀመሪያው ንካት ከጣቱ ሲደርስ ይለቀዋል፤ ጥቂት ሴኮንዶች ታግሦ ማቆሚያውን ይዘጋና ይስባል።

ዓሣው ተበታትኖ ሲገኝ ፍጥነት ይጨመራል። የሚሽከረከር ብልጭልጭ ቅጠል ያለው መንጠቆ ከትል ጋር ከጀልባ ኋላ ይጎተታል፤ ወይም ትንሽ ዓሣ የሚመስል፣ ሲሳብ እየተርገበገበ የሚጠልቅ የፕላስቲክ ማባበያ ይጎተታል። እነዚህ ሰፊ ቦታ ለመፈተሽ ይመቻሉ። ካርል ሎውራንስ እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ መጨረሻ ለስፖርት አጥማጆች አነስተኛ ሶናር ለገበያ ካቀረበ ወዲህ የወለሉን ቅርጽና የዓሣውን ጥልቀት ከስክሪን ላይ ማንበብ የዕለት ተዕለት ሥራ ሆኗል።

ጀልባ የሌለው ሰው ሪዞርቶች በሚያሰማሩት ትልቅ የወል ጀልባ ላይ ከፍሎ ይሳፈራል። ካፒቴኑ ቦታውን ይመርጣል፤ ዘንግና ምግብ አብዛኛውን ጊዜ ከጀልባው ይገኛል። የማታው ጉዞ በተለይ የሚፈለገው ብርሃን ሲቀንስ ዓሣው ከጥልቁ ወደ ጉብታው አናት ስለሚወጣ ነው።

ሥጋው

የዎልአይ ሥጋ ነጭ፣ ጠንከር ያለና የዓሣ ሽታ የማይበዛበት ነው። ፊሌቶው ከአከርካሪው ጎን ተቆርጦ ከቆዳው ከተላቀቀና የጎድኑ አጥንቶች ከወጡ በኋላ ብዙም እሾህ አይገኝበትም። ከጉንጩ የሚወጣው ትንሽ ክብ ሥጋ ለብቻው ይወደዳል። በዱቄት ወይም በደቀቀ ብስኩት ተለውሶ በጋለ ዘይት መጥበስ የተለመደ አሠራሩ ነው። በስፖርት ማጥመድ የተገኘ ዎልአይ አይሸጥም፤ በሚኒሶታ ምግብ ቤቶች የሚቀርበው በብዛት ከካናዳ የሚመጣ ሲሆን፣ ከአካባቢው ነባር ሕዝቦች አንዱ የሆነው የሬድ ሌክ ኦጅብዌ ሕዝብም በራሱ ሐይቅ እያጠመደ ለገበያ ያቀርባል።

ኮታውና ሕጉ

ሚል ላክስ የሁለት ወገን ሐይቅ ነው። የኦጅብዌ ሕዝብ እ.ኤ.አ. በ1837 በውል መሬቱን ለአሜሪካ መንግሥት ሲለቅ፣ የማደን፣ የማጥመድና የመልቀም መብቱን አስጠብቆ ነበር። ግዛቲቱ ይህን መብት ብትከራከረውም የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ. በ1999 በ5 ለ4 ድምፅ መብቱ እንደጸና ወሰነ። ከዚያ ወዲህ በየዓመቱ ሐይቁን ሳይጎዳ ሊወጣ የሚችለው የዎልአይ መጠን ተሰልቶ ለውሉ ባለመብት ማኅበረሰቦችና ለግዛቲቱ አጥማጆች ይከፈላል። ኦጅብዌዎች በተለይ በፀደይ በመረብና በጦር ያጠምዳሉ፤ የግዛቲቱ አጥማጆች የሚፈቀድላቸው ዘንግና መንጠቆ ብቻ ነው።

ኮታው እንዲጠብ ያደረገው የዓሣው ቁጥር መቀነስ ነው፤ እዚህም ላይ የብርሃን ጉዳይ ይነሣል። የሐይቁ ውሃ እ.ኤ.አ. ከ1980ዎቹ ጀምሮ እየጠራ መጥቷል። እ.ኤ.አ. በ2005 በሐይቁ የተገኘው የሜዳ አህያ መስመር ያለው ትንሽ ዛጎለ ለበስ፣ ዜብራ መስል፣ ውሃውን እያጣራ ስለሚመገብ ይበልጥ እንዲጠራ አደረገው፤ አንዱ ብቻ በቀን እስከ አንድ ሊትር ውሃ ያጣራል። እ.ኤ.አ. በ2009 ደግሞ የደቃቅ ዓሦችን ምግብ የሚሻማ እሾሃማ የውሃ ቁንጫ ተገኘ። ባለሙያዎች እንደሚሉት በጠራ ውሃ ትናንሽ ዎልአዮች ከብርሃን ለመሸሽ ገና ሳይጠነክሩ ከዳር ይርቃሉ፤ በዚያም ትልልቅ ዓሦች ይበሏቸዋል። እ.ኤ.አ. በ2015 የግዛቲቱ ድርሻ ስላለቀ ዎልአይ ማጥመድ በኦገስት መጀመሪያ ተዘጋ፤ በ2016 የተያዘ ሁሉ እንዲለቀቅ ታዘዘ። በኋላ የዓሣው ቁጥር እያገገመ ሲሄድ ገደቡ ቀስ በቀስ ላልቷል።

የተለቀቀ ዓሣ ሁሉ አይተርፍም፤ የሚሞተውም ግምቱ ከኮታው ላይ ይቀነሳል። በቀዝቃዛ ውሃ የሚሞተው ጥቂት ሲሆን፣ በጁላይና በኦገስት ሙቀት ቁጥሩ ይንራል። ስለዚህ በበጋ ዓሣውን ከውሃ ሳያወጡ መንጠቆውን መንቀል ይመከራል። መንጠቆው ጉሮሮው ውስጥ ከገባ ከመጎርጎር ይልቅ ክሩን ቆርጦ መልቀቅ ይሻላል። ከ9 ሜትር በላይ ጥልቀት የወጣ ዓሣ በግፊት ለውጥ ስለሚጎዳ፣ ለመልቀቅ ያሰበ አጥማጅ ከዚያ ጥልቀት ባያጠምድ ይመረጣል።

ዕድሜው 16 ዓመትና ከዚያ በላይ የሆነ ሰው ከጥቂት የተለዩ ሁኔታዎች በቀር ፈቃድ ማውጣት አለበት። በረዶ በሌለበት ወቅት አንድ ሰው በአንድ ክር ብቻ ያጠምዳል። ከሐይቁ ሲወጣ ጀልባውን ከሣር ማጽዳት፣ የውሃ መድፈኛውን ነቅሎ ማፍሰስና የተረፈውን ማባበያ ሐይቁ ውስጥ አለመጣል ግዴታ ነው። ስንት ዓሣና በምን ያህል ርዝመት መያዝ እንደሚቻል፣ የሌሊት ማጥመድ መፈቀድ አለመፈቀዱም በሚል ላክስ ከዓመት ዓመት፣ አንዳንዴም በበጋው መካከል ይቀየራል፤ ስለዚህ የግዛቲቱ የተፈጥሮ ሀብት መሥሪያ ቤት ያወጣውን የዘመኑን ደንብ ከእያንዳንዱ ጉዞ በፊት ማየት ያስፈልጋል።