ሕፃኑ ሆስፒታል ይሂድ ወይስ ቤት ይቅር?

ክርክሩ አብዛኛውን ጊዜ የሚነሳው ካፖርት እየተለበሰ ነው። አያት ሮተርዳም ሆስፒታል ተኝተዋል፤ ልጃቸው ዴን ሃግ የ6 ሳምንት ሕፃን ታቅፋ ተቀምጣለች። አያት በስልክ «ዓይኑን ሳላየው ልሞት ነው እንዴ?» ይላሉ። ባል ጋሪውን አውጥቶ በር ላይ አቁሟል። አክስት ደግሞ ከአምስተርዳም ደውላ «አራስ ልጅ ይዘሽ ሆስፒታል? ምን ነካሽ?» ትላለች። ሁሉም የሚናገረው ከፍቅር ስለሆነ ክርክሩን ማሸነፍ የሚችል የለም።

ከአክስት ጎን የቆመው ልማድ ጠንካራ ነው። በኦርቶዶክስ ቤተሰብ ወንድ ልጅ በ40፣ ሴት ልጅ በ80 ቀን ክርስትና እስክትነሳ ድረስ አራስና ልጅ ቤት ይከርማሉ። ምክንያቱ ሃይማኖታዊ ቢሆንም ቀኑ ከሐኪሞች ስጋት ጋር ይገጥማል፤ ተራ የሚመስል ኢንፌክሽን ሕፃንን በሰዓታት ውስጥ ሊጥል የሚችለው በተለይ በመጀመሪያዎቹ 3 ወራት ነው። ሆላንድ ውስጥ ከ3 ወር በታች ያለ ሕፃን ትኩሳቱ 38 ዲግሪ ከደረሰ በዚያው ሰዓት ለሀውስአርትስ (ለቤተሰብ ሐኪሙ) ይደወላል፤ ማታ ወይም ቅዳሜና እሁድ ከሆነ ለተረኛ ሐኪሞች። «እስኪ እስከ ነገ ልየው» የሚባልበት ዕድሜ አይደለም።

ችግሩ ልማዳችን ሕፃኑ እንዳይወጣ በሩን ዘግቶ ለእንግዳ ወለል አድርጎ መክፈቱ ነው። ገንፎ ይገነፋል፣ ሰው ይጎርፋል፣ ሕፃኑ ከእቅፍ እቅፍ እየዞረ ይሳማል። ከወሊድ በኋላ ለአንድ ሳምንት ያህል ቤት ድረስ የምትመጣው የክራምዞርግ ባለሙያ «እንግዳ ቀንሱ፣ እጃችሁን ታጠቡ» ስትል ቅር የሚለው ቤተሰብ አለ። ግን ሆስፒታል አልወሰድነውም ብሎ የተጽናና ቤተሰብ ሳሎኑ ውስጥ የሚያስል ዘመድ ካስቀመጠ ምንም አላተረፈም። ሕፃን በአብዛኛው የሚታመመው ከሰው አፍ፣ አፍንጫና እጅ በሚመጣ ነገር ነው። የሮተርዳሙ ሆስፒታል ኤራስመስ ኤም ሲ እ.ኤ.አ. በ2018 በከፈተው አዲስ ሕንፃ ውስጥ በሽተኛ የሚተኛው በየግል ክፍሉ ነው። እዚያ ዳሌያቸው ተሰብሮ የተኙ አያት ልጁን ቢያዩ፣ ጉንፋን የያዛቸው አጎት ቤት መጥተው ከሚስሙት ይሻላል።

ጉንፋን ሲባል በዋዛ የሚታይ ነገር አይደለም። አር ኤስ ቪ የሚባለው ቫይረስ አዋቂውን አፍንጫ ከማንጠብጠብ ያለፈ ላያደርገው ይችላል፤ የወራት ሕፃን ግን ትንፋሽ አጥሮት ኦክስጅን ላይ ሊውል ይችላል። ሆላንድ ሕፃናትን ከዚህ ቫይረስ የሚከላከል መርፌ ለሁሉም መስጠት የጀመረችው በ2025 መኸር ነው። ትክትክም አልጠፋም፤ በ2024 መጀመሪያ ወረርሽኙ ሲያገረሽ በአገሪቱ የሞቱ ሕፃናት ነበሩ። ሕፃኑን ከትክትክ ለመጠበቅ ከ2019 መጨረሻ ወዲህ ነፍሰ ጡር ሴት ከ22ኛው ሳምንት ጀምሮ ክትባት እንድትወስድ ይቀርብላታል። እሷ ከወሰደች ፀረ እንግዳ አካሉ በእንግዴ ልጅ በኩል ወደ ጽንሱ ስለሚተላለፍ የሕፃኑ የራሱ የትክትክ ክትባት እስከ 3 ወር ሊቆይ ይችላል። ኩፍኝ ደግሞ ሌላ ነው። ኢትዮጵያ ውስጥ የመጀመሪያው የኩፍኝ ክትባት በ9 ወር ሲሰጥ እዚህ በ14 ወር ነው። የኩፍኝ ቫይረስ የታመመው ሰው ከወጣ በኋላም እስከ 2 ሰዓት አየር ላይ ሊቆይ ይችላል፤ ስለዚህ የድንገተኛ ክፍል መጠበቂያ ወንበር ላይ ሕፃን ይዞ ከመቀመጥ፣ ቀጥታ ወደ ታማሚው ክፍል መግባት ይመረጣል።

እዚህ ላይ ምችን ማንሳት ግድ ነው። ብዙዎቻችን ከፀሐይ የመጣ ነው ብለን ዳማከሴ አሽተን የምናልፈው የከንፈር ቁስል ሄርፒስ የሚባል ቫይረስ ነው። አራስ ሕፃንን ሲይዝ አንጎልና ጉበት ድረስ ሊዘልቅ ይችላል። ከንፈሩ ላይ ምች ያለበት ሰው፣ ታማሚም ይሁን ጠያቂ፣ ሕፃን አይስምም። አያት ልጁን እቅፍ አድርገው «እንትፍ፣ እንትፍ» ብለው መመረቃቸውስ? ምርቃቱ ይሁን፣ ምራቁ ግን ይቅር። አዛውንት ይህን ሲነገራቸው ላይወዱ ይችላሉ፤ ነርሷ ብትነግራቸው ይቀላል።

ታማሚው የተኛበት ምክንያት ብዙውን ነገር ይወስናል። ስብራት፣ የልብ ክትትል፣ የሐሞት ከረጢት ቀዶ ሕክምና ከሆነ ለጤነኛ ሕፃን ያን ያህል የሚያሰጋ ነገር የለም። የሳንባ ምች፣ ትውከትና ተቅማጥ ከሆነ መቅረት ነው። ክረምት ክረምት ዋርዶችን የሚያውከውን ኖሮቫይረስ በየበሩ የተሰቀለው የአልኮል ጄል በቅጡ አይገድለውም፤ እጅ በውኃና በሳሙና መታጠብ አለበት። የሳንባ ቲቢ የተጠረጠረበት ሰው ዘንድ ሕፃን አይደርስም፤ በተለይ እዚህ የቢሲጂ ክትባት እንደ ኢትዮጵያ ገና እንደተወለዱ ስለማይሰጥ። አልማዝ ባለጭራ ያለበት ታማሚ ከቁስሉ በሚወጣው ፈሳሽ ጉድፍ ሊያስይዝ ይችላል። የእንቅርት ሕክምና በሬዲዮአክቲቭ አዮዲን የተሰጠው ሰው ደግሞ ራሱ ለቀናት ከሕፃንና ከነፍሰ ጡር እንዲርቅ ይታዘዛል፤ ቤት ከገባ በኋላም ቢሆን።

ሰው የሚዘነጋው ግን ሕፃኑም ለታማሚው አደጋ ሊሆን መቻሉን ነው። ኬሞቴራፒ ላይ ያለ ሰው ነጭ የደም ሴሉ ሲወርድ የሕፃን ንፍጥ ሊጥለው ይችላል። ታላቅ እህቱ ክሬሽ የምትውል ሕፃን ደግሞ ከንፍጥ የሚለይበት ሳምንት ጥቂት ነው። ከ2024 ጀምሮ በሆላንድ የሚሰጠው የሮታ ክትባትም ሕያው ነገር ግን የተዳከመ ቫይረስ ስለሆነ ለተወሰኑ ቀናት በሕፃኑ ሰገራ ይወጣል። ዳይፐር ታማሚው አልጋ ላይ አይቀየርም፤ የቀየረ ሰውም እጁን ሳይታጠብ የታማሚ እጅ አይጨብጥም።

ለአበሻ ቤተሰብ ከሌላው በተለየ የሚገጥም አንድ ነገር አለ። በቅርቡ አዲስ አበባ ሆስፒታል ተኝቶ የተመለሰ ሰው ሆላንድ ውስጥ ሲተኛ መድኃኒት የማይበግራቸው ባክቴሪያዎች እንደሌሉበት እስኪረጋገጥ ለብቻው ክፍል ይገባል። ከአፍንጫና ከጉሮሮ ናሙና ይወሰዳል፣ በሩ ላይ ካርድ ይለጠፋል፣ የሚገቡት ነርሶች ጋውንና ጓንት ያደርጋሉ። ብዙ ቤተሰብ ይህን ሲያይ «ከአፍሪካ መጣን ብለው አገለሉን» ብሎ ይከፋል። ደንቡ ግን ስፔን ወይም ቱርክ ሆስፒታል ተኝቶ ለመጣውም ያው ነው። ውጤቱ እስኪታወቅ ሕፃኑ ቤት ቢቆይ የሚጎድል ነገር የለም።

ይህን ሁሉ ከቤት ሆኖ መገመት አይቻልም፤ ለዋርዱ መደወል ይቻላል። «የ6 ሳምንት ሕፃን ይዤ እናቴን ልጠይቅ ነው፤ ክፍሉ ውስጥ ተላላፊ በሽታ አለ? አብሯት የተኛ አለ?» ማለት በቂ ነው። ስለ ሌላው ታማሚ በሽታ አይነግሩም፤ «ዛሬ ባይመጣ ይሻላል» ለማለት ግን አያመነቱም። ሆላንዶች በዚህ ጉዳይ ይሉኝታ የላቸውም፣ ለዚህ ጊዜ ደግሞ ይበጃል። በብዙ ሆስፒታሎች ባንድ አልጋ ዙሪያ የሚፈቀደው ከ2 ሰው አይበልጥም። የማኅበር ሰው በሙሉ ቴርሞስና ምሳ ዕቃ ይዞ በመጣበት ሰዓት ሕፃን መጨመር ደግሞ ነርሷን ብቻ ሳይሆን ታማሚውንም ማድከም ነው።

በጣም የተረሳው መፍትሔ ታች ያለው አዳራሽ ነው። በአምስተርዳም ዛውድኦስት የሚገኘው፣ ሰው አሁንም ኤ ኤም ሲ የሚለው ሆስፒታል፣ በ1980ዎቹ ሲሠራ ጣራ ያላቸው መንገዶችና አደባባዮች ያሉት እንደ ትንሽ ከተማ ሆኖ ነው። ኤራስመስ ኤም ሲም ሱቅና ካፌ ያለበት ሰፊ መተላለፊያ አለው። መነሳት የሚችል ታማሚ በዊልቸር ወርዶ ሰው በማይበዛበት ጥግ ልጁን ማየት ይችላል፤ የሌላ በሽተኛ አልጋ አጠገብ መቆም አይኖርም። ሕፃኑም በመኪና ወንበሩ ሆስፒታል ወለል ላይ ከሚቀመጥ እናቱ ደረት ላይ በአንቀልባ ቢታሰር ይመረጣል። ደረት ላይ የታሰረን ልጅ እንደ ጋሪ ልጅ ጎንበስ ብሎ ጉንጩን የሚነካ አላፊ አግዳሚ የለም።

ሐኪም ተስፋ የለም ካለ ሚዛኑ ይለወጣል። ያኔ ሆስፒታሎች የጉብኝት ሰዓቱንም የሰው ቁጥሩንም ያላላሉ፤ ሕፃን ስለማምጣት ሲጠየቁም መንገድ ይፈልጋሉ። የታማሚው እጅ ይታጠባል፣ አስፈላጊ ከሆነ ማስክ ይደረጋል፣ ሕፃኑ ለጥቂት ደቂቃ ገብቶ ይወጣል። ተላላፊ በሽታ ከሌለ ይህን መከልከል ጥንቃቄ ሳይሆን ጭካኔ ይሆናል።

አንዳንዴ ግን እናት ሕፃኗን ይዛ የምትሮጠው ለማሳየት አይደለም። ከቤተሰቡ ሆላንድኛ አቀላጥፋ የምትናገረው እሷ ብቻ ናት። መንግሥት ለሕክምና አስተርጓሚ ይከፍል የነበረውን ገንዘብ በ2012 ካቆመ ወዲህ የሐኪሙን ቃል ወደ አማርኛ የመመለሱ ሥራ በብዛት በልጆች ላይ ወድቋል፤ ጡት የምታጠባዋም አልቀረላትም። እንዲህ ከሆነ ሐኪሞቹ ታማሚዎችን የሚዞሩበትን ሰዓት ነርሷን ጠይቆ የታማሚውን ስልክ ስፒከር ላይ ማድረግ ይቻላል። ስለ ቀዶ ሕክምና ፈቃድ ወይም ስለ ካንሰር ውጤት የሚወራበት ቀን ከሆነ ግን ሆስፒታሉ ባለሙያ አስተርጓሚ በስልክ እንዲያገናኝ መጠየቅ ይሻላል፤ ጥያቄው መቅረብ ያለበትም ቀጠሮው ሲያዝ ነው፣ ሐኪሙ ክፍል ከገባ በኋላ አይደለም።