ከጣራ የወረዱት ሦስቱ ግልገሎች

በግቢያችን ጣራ ላይ የምትውለውን እናት ድመት መኪና የገጫት ለዙህር አዛን ሊባል ጥቂት ሲቀረው ነበር። በማግስቱ ልጆቼ ከከሰል ማስቀመጫው ጀርባ ሦስት ግልገሎቿን አገኙ። ሁለት ወር ያህል የሞላቸው ይመስላሉ። ጎረቤታችን የሆኑ እናት «ልጄ፣ ገበያ ወስደሽ ጣያቸው፤ የሚያነሳቸው አይጠፋም» አሉኝ። ሴት ልጄ ይህን ሰምታ ስታለቅስ እኔም መጣሉን ተውኩት።

የመጀመሪያው ስህተት የኔው ነው። ሳሎን ውስጥ ለቀቅኋቸው። በቅጽበት ከቡፌው ጀርባ ገብተው ጠፉ፤ ጥቁሯ እስከ ማግስቱ ምግብ አልቀመሰችም። ወንዱ ልጄ ሊያወጣት እጁን ቢሰድ ነከሰችው። ወላጆች ሆይ፣ እዚህ ላይ መዘናጋት አይገባም። የእብደት በሽታ (ሬቢስ) ምልክቱ ከታየ በኋላ መዳን የለውም ማለት ይቻላል፤ በጊዜ ከተደረሰበት ግን በክትባት ይከላከሉታል። ቁስሉን በሳሙናና በሚወርድ ውሃ 15 ደቂቃ ያህል አጥበን ወዲያው ወደ ጤና ጣቢያ ወሰድነው። ክትባቱን እስኪጨርስ ድረስ እንቅልፍ የሚባል ነገር አልነበረኝም።

በኋላ እንደተረዳሁት ድመት ሰውን መልመድ የምትማረው በተለይ ከሁለተኛው እስከ ሰባተኛው ሳምንት ባለው ዕድሜዋ ነው። በዚያ ጊዜ የሰው እጅ ያልነካት ግልገል ሰውን የምታየው ሊበላት እንደመጣ አውሬ ነው። እፍ ማለቷና መቧጨሯ ከክፋት ሳይሆን ከፍርሃት የመጣ ነው። ዕድሜዋ በገፋ ቁጥር ሥራው ይከብዳል እንጂ አይቻልም አይባልም።

ስለዚህ ትንሿን ዕቃ ቤት አጽድተን እዚያ አስገባናቸው። ይህን ሳደርግ ግን ልቤ ፈራ። ድመት አስራ ሳታበላት፣ ራሷም ፈልጋ እንድትበላ ሳትለቃት ስለገደለቻትና በዚህ ምክንያት ስለተቀጣችው ሴት የሚናገረውን ቡኻሪና ሙስሊም የዘገቡትን ሐዲስ የማያውቅ ማን አለ? የዘጋነው በር አማና ነው። ምግቡን በቀን አራት ጊዜ፣ ውሃውን ጠዋትና ማታ የመለወጡን ሥራ ለልጆቹ ብቻ አልተውኩትም።

ክፍሉ ውስጥ ያስገባነው ብዙ አይደለም። ቀዳዳ ያለው ካርቶን ከአሮጌ ነጠላ ጋር መደበቂያ ሆናቸው፤ አሸዋ የተሞላ ሳፋ ከምግቡ ራቅ ብሎ ተቀመጠ። (አሸዋውን እርጉዝ ሴት ባታጸዳው ይመረጣል፤ ከድመት ዓይነ ምድር ለጽንስ አደገኛ የሆነ በሽታ ሊተላለፍ ይችላል።) ምግባቸው ጨው የሌለው የተቀቀለ ሥጋና ጥቂት ጉበት ነበር። ሽንኩርትና ነጭ ሽንኩርት ለድመት መርዝ ስለሆነ የወጥ ትርፍ አይሰጥም። የላም ወተትም ብዙዎቹን ያስቀምጣቸዋል። ታመመች ብሎ ፓራሲታሞል መስጠትማ መግደል ነው።

ከዚያ በኋላ የሚያስፈልገው ትዕግሥት ብቻ ነው። በየቀኑ ከዐስር በኋላ ገብቼ ወለሉ ላይ እቀመጥና ቁርኣኔን ዝቅ ባለ ድምፅ እቀራለሁ። አላያቸውም። ትኩር ብሎ ማየት ለድመት ዛቻ ነው፤ ዓይንን ቀስ ብሎ ጨፍኖ መክፈት ግን ያረጋጋታል። የምግቡን ሳህን በየቀኑ አንድ ስንዝር ወደ እኔ አስጠጋለሁ። በስድስተኛው ቀን ቀዩ ግልገል ከጣቴ ላይ ሥጋ በላ። ልጆቼ ክር ጫፍ ላይ ጨርቅ አስረው እየጎተቱ ያጫውቷቸው ጀመር፤ በባዶ እጅ ማጫወት ግን መንከስን ስለሚያስተምር ከለከልኳቸው። በሦስተኛው ሳምንት ቀዩና ነጠብጣቧ ጭኔ ላይ ተኝተው ኩርር ማለት ለመዱ። ሦስት ወር ሲሞላቸው የእንስሳት ሐኪም የእብደት በሽታ ክትባት ወጋቸው፤ የሆድ ትል መድኃኒትም ሰጣቸው።

ጎረቤታችን አንድ ቀን ድመቷ ከውሃ ማሰሮው ስትጠጣ አይተው «ነጅሷል፣ ድፊው!» አሉ። የአቡ ቀታዳን (ረ.ዐ) ታሪክ አነሳሁላቸው። ለዉዱእ ከቀረበላቸው ውሃ ድመት ልትጠጣ ስትመጣ ዕቃውን አዘነበሉላት፤ የልጃቸው ባለቤት ከብሻ በመገረም ስታያቸውም ድመት ነጃሳ እንዳልሆነች፣ በዙሪያችን ከሚመላለሱት አንዷ እንደሆነች ከነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) መስማታቸውን ነገሯት። አቡ ዳውድና ቲርሚዚ ዘግበውታል። ሴትየዋ ዝም አሉ፤ በሳምንቱ ነጠብጣቧን ለአይጥ እንድሰጣቸው ጠየቁኝ። ሰጠኋቸው፤ ለመጀመሪያዎቹ ቀናት ግን አንድ ክፍል ውስጥ ብቻ እንዲያቆዩዋት አስምዬ ነው።

ጥቁሯ እስከ ዛሬ እንግዳ ሲመጣ ጣራ ላይ ትወጣለች። ለሱብሒ ስነሳ በሩ ላይ ቆማ ትጠብቀኛለች። እጄን ስዘረጋ አንድ እርምጃ ወደኋላ ትልና እዚያው ትቀመጣለች።