የሥጋ ሕመምና የአእምሮ መታወክ በአንድ ሕመምተኛ ላይ ሲገናኙ፤ የወታደራዊ ሆስፒታሎች የፌሎሺፕ ሥልጠናና ለመካነ ሰላም አካባቢ ያለው ጠቀሜታ

መግቢያ

ከመካነ ሰላም ከተማ የግማሽ ቀን የእግር መንገድ ከሚርቅ የደጋ ቀበሌ አንድ ገበሬ በቃሬዛ ተጭኖ ሆስፒታል ገባ እንበል። ገበሬው ለቀን ሥራ ወደ ዓባይ ሸለቆ ወርዶ ሰንብቶ የተመለሰ ነው። የገባው በትኩሳት ነው፤ በሁለተኛው ሌሊት ግን የማይታይ ሰው ያነጋግር ጀመር፤ ከአልጋው ተነሥቶ ለመውጣት ይታገላል፤ የገዛ ወንድሙን አያውቅም። ሲነጋ ጋብ ይልለታል፤ ሲመሽ ይብስበታል። አስታማሚዎቹ «ለክፎት ነው» ብለው ወደ ጠበል ሊወስዱት ይነሣሉ። ከሕክምና ባልደረቦችም መካከል «ይህ የአእምሮ ሕመምተኛ ነውና ወደ ደሴ ይላክ» የሚል አይጠፋም። ሁለቱም ወገኖች በቅንነት ተናግረዋል፤ ሆኖም ሁለቱም የሕመሙን ምንጭ ስተዋል። ወባው አንጎሉን ነክቶት ወይም በደሙ ውስጥ ያለው ስኳር ወርዶ ከሆነ፣ ገበሬው መንገዱን ሳይጨርስ ሊሞት ይችላል።

ይህን የመሰለውን ሁኔታ ለይቶ ማወቅና ማከም ራሱን የቻለ የሕክምና ሙያ ነው። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ሙያው ምን እንደሆነ፣ ሥልጠናው በወታደራዊ ሆስፒታሎች ውስጥ ምን መልክ እንዳለው፣ ከልዩ ሐኪሞች ርቆ ለሚኖረው የምዕራብ ደቡብ ወሎ ደጋ ሕዝብም ምን ሊጠቅም እንደሚችል ለመምህራንና ለዕቅድ አውጪዎች ማብራራት ነው።

ሀ. የሙያው ምንነት

ሙያው በውጭው ዓለም «ኮንሰልቴሽን ሊየዞን ሳይካያትሪ» በመባል ይታወቃል። በአማርኛ «በአካል ሕሙማን ዘንድ የሚሰጥ የአእምሮ ሕክምናና ምክክር» ልንለው እንችላለን። ባለሙያው የሚሠራው በአእምሮ ሕክምና ሆስፒታል ሳይሆን በአጠቃላይ ሆስፒታል፣ በቀዶ ሕክምና፣ በውስጥ ደዌና በማዋለጃ ክፍሎች ውስጥ ነው። የሚገጥሙት ችግሮች በአራት ሊከፈሉ ይችላሉ።

የመጀመሪያው ከላይ በምሳሌው የታየው ድንገተኛ የአእምሮ መቃወስ፣ ማለትም ዴሊሪየም ነው። ይህ በሽታ ሳይሆን የሌላ በሽታ ምልክት ነው። በሰዓታት ወይም በጥቂት ቀናት ውስጥ ይጀምራል፤ በቀኑ ውስጥ ከፍና ዝቅ ይላል፤ በተለይም ሕመምተኛው ልቡን አሰባስቦ አንድን ነገር መከታተል ይሳነዋል። በደጋው ተስቦ፣ በቆላው ወባ፣ በየትም ቦታ የማጅራት ገትር፣ የሳንባ ምችና የቁስል መመረዝ ሊያመጡት ይችላሉ። አረቄ አዘውትሮ የሚጠጣ ሰው ሆስፒታል ገብቶ በድንገት ሲያቋርጥም ይደርሳል። ሕክምናው ምንጩን ፈልጎ ማዳን ነው፤ ሕመምተኛውን በማደንዘዣ ማስተኛት ብቻውን ሕክምና አይደለም።

ሁለተኛው በአካል ሕመም ላይ የሚደረብ የመንፈስ ጭንቀት ነው። እግሩን ያጣ ወይም ለረጅም ጊዜ ሳንባው የታመመ ሰው ተስፋ ሲቆርጥ ምግብም መድኃኒትም ይተዋል፤ የሚገድለውም ሊድን ይችል የነበረው በሽታ ይሆናል። ሦስተኛው መድኃኒት ራሱ የሚያመጣው መታወክ ነው። ለምሳሌ መድኃኒት ለተላመደ የሳንባ ነቀርሳ የሚሰጠው ሳይክሎሰሪን አንዳንድ ሕሙማንን ቅዠትና ጥርጣሬ ውስጥ ይከታቸዋል። አራተኛው በምርመራ ምንጩ የማይገኝ የአካል ስሜት ነው፤ ራስ ምታት፣ የሆድ ቃጠሎና የሰውነት መንደድ በብዙ ሰዎች ዘንድ የኀዘን ቋንቋዎች ናቸው።

ለ. የሥልጠናው አመጣጥና የወታደራዊ ሆስፒታሎች ድርሻ

ጆርጅ ሄንሪ የተባለው አሜሪካዊ ሐኪም እ.ኤ.አ. በ1929 ባወጣው ጽሑፍ በአጠቃላይ ሆስፒታል ሁሉ የአእምሮ ሐኪም ሊኖር እንደሚገባ አስረዳ። በ1930ዎቹም የሮክፌለር ድርጅት በሰጠው ገንዘብ በአንዳንድ የአሜሪካ አጠቃላይ ሆስፒታሎች ይህን ሥራ የሚያከናውኑ ክፍሎች ተቋቋሙ። ሙያው ግን ንዑስ ልዩ ሙያ ሆኖ በአሜሪካ የታወቀው እ.ኤ.አ. በ2003 ነበር። በዚያ ሥርዓት ሐኪሙ በቅድሚያ የ4 ዓመት የአእምሮ ሕክምና ስፔሻሊቲ ያጠናቅቃል፤ ከዚያም በኋላ የ1 ዓመት ፌሎሺፕ ይወስዳል።

የጦርነት ልምድ ለዚህ ሙያ ከፍተኛ አስተዋጽኦ አድርጓል። በአንደኛው የዓለም ጦርነት የአሜሪካ ጦር የአእምሮ ሕክምና ኃላፊ የነበረው ቶማስ ሳልሞን፣ መንፈሱ የታወከ ወታደር ከጦር ግንባሩ ሳይርቅ፣ ሳይዘገይና እንደሚድን እየተነገረው እንዲረዳ ይመክር ነበር። ከ2001 እ.ኤ.አ. በኋላ በነበሩት ጦርነቶች ደግሞ በዋልተር ሪድ ሆስፒታል የአእምሮ ሐኪሞች ጥሪ ሳይጠብቁ ከግንባር የመጡትን ቁስለኞች በየአልጋቸው እየዞሩ ይጎበኙ ነበር። የዚህ አሠራር ጥቅም ግልጽ ነው። ወታደር «አእምሮዬ ታወከ» ለማለት ያፍራል፤ የሁሉም ቁስለኛ ጉብኝት ደንብ ከሆነ ግን የሚያፍርበት ምክንያት አይኖርም።

ወታደራዊ ሆስፒታል ለዚህ ሥልጠና ምቹ የሚሆነው የእጅና የእግር መቆረጥ፣ ቃጠሎ፣ የአንጎል ጉዳት፣ የማያቋርጥ ሥቃይና የእንቅልፍ መታወክ በአንድ ጣሪያ ሥር፣ አንዳንዴም በአንድ ሰው ላይ ስለሚገኙ ነው። የቀዶ ሐኪሙ፣ የአካል ተሐድሶ ባለሙያውና የአእምሮ ሐኪሙ በአንድ ዕዝ ሥር መሆናቸውም ምክክሩን ያቀላጥፋል።

ሐ. ሠልጣኙ እንዴት ይማራል?

የማስተማሪያ ዘዴው ለመምህራን እንግዳ አይሆንም። ሠልጣኙ የሚማረው በመሥራት ነው፤ የሚታረመውም በሥራው ላይ እንዳለ ነው። በመጀመሪያ ጠያቂው ሐኪም በእርግጥ የሚፈልገውን ያጣራል፤ «ይህን ሰው እዩልኝ» የሚለው ቃል ብዙውን ጊዜ ሌላ ጥያቄ ይሸፍናል። ቀጥሎም የሕክምና ካርዱንና የመድኃኒቱን ዝርዝር ያነባል፤ ነርሷን ሌሊቱ እንዴት እንዳለፈ፣ ቤተሰቡን ሕመምተኛው ቀድሞ ምን ዓይነት ሰው እንደነበረ ይጠይቃል። ከዚያም ሕመምተኛውን ይመረምራል። ለምሳሌ የሳምንቱን ቀናት ከእሑድ ጀምሮ ወደ ኋላ እንዲቆጥር ያደርገዋል፤ ይህም ፊደል ላልቆጠረ ሰው ጭምር የሚሆን የትኩረት መለኪያ ነው። በመጨረሻም አጭርና ሊፈጸም የሚችል ምክር ጽፎ፣ ምክንያቱን ለክፍሉ ነርሶች ያስረዳል።

ከዚህም በላይ ኩላሊቱ ወይም ጉበቱ ለደከመ ሰው መድኃኒት መመጠንን፣ እንዲሁም ቀዶ ሕክምና አልፈልግም የሚል ሕመምተኛ የሚናገረውን ተረድቶ መወሰን የሚችል መሆኑን መመዘንን ይማራል። ስለዚህ ሠልጣኙ ሐኪም ብቻ ሳይሆን የክፍሉ መምህር ሆኖ ይወጣል።

መ. የኢትዮጵያ ሁኔታ

በጣሊያን ወረራ ዘመን የተቋቋመው የአዲስ አበባው አማኑኤል ሆስፒታል ለረጅም ዘመን የሀገሪቱ የአእምሮ ሕክምና ማዕከል ሆኖ ቆይቷል። እ.ኤ.አ. በ1987 በዓለም ጤና ድርጅት ድጋፍ የአእምሮ ሕክምና ነርሶች ሥልጠና ተጀመረ። በ2003 ደግሞ በአዲስ አበባ ዩኒቨርስቲ የአእምሮ ሕክምና ስፔሻሊቲ ትምህርት ተከፈተ፤ የካናዳው ቶሮንቶ ዩኒቨርስቲም መምህራንን እየላከ አግዟል። ከዚያ በፊት ኢትዮጵያዊ ሐኪም ይህን ሙያ ለመማር ወደ ውጭ ሀገር መሄድ ነበረበት። በ2010 የአእምሮ ሕክምናን ከአጠቃላይ ጤና አገልግሎት ጋር የሚያቀናጀው የዓለም ጤና ድርጅት መርሐ ግብር በኢትዮጵያ መሞከር ጀመረ፤ በ2012ም ብሔራዊ የአእምሮ ጤና ስትራቴጂ ወጣ።

እ.ኤ.አ. ከኅዳር 2020 እስከ ኅዳር 2022 የቆየው የሰሜኑ ጦርነት ጥያቄውን አጣዳፊ አድርጎታል። በ2021 መጨረሻ ጦርነቱ ደሴንና ኮምቦልቻን በደረሰ ጊዜ የደሴ ሆስፒታል ተዘርፎ አገልግሎቱ ተቋርጦ ነበር። የምዕራቡ ደጋ ሕዝብ ለከባድ ሕመም የሚሄድበት በር ለጊዜው ተዘጋ ማለት ነው። ቁስለኛ ወታደርም ቢሆን በወታደራዊ ሆስፒታል ለዘለዓለም አይኖርም፤ ቁስሉ ሲጠግግ ወደ ቀዬው ይመለሳል። ቁስሉን የተከተለው ቅዠት፣ ድንጋጤና መጠጥም አብረውት ይመለሳሉ።

ሠ. ለመካነ ሰላምና ለአካባቢው የሚሆነው

መካነ ሰላም ከደሴ በስተ ምዕራብ 180 ኪሎ ሜትር ያህል ትርቃለች፤ የቦረና ደጋ በምዕራብ በኩል በዓባይ ሸለቆ የተከበበ ነው። በእያንዳንዱ የወረዳ ሆስፒታል በዚህ ንዑስ ሙያ የሠለጠነ ሐኪም ይመደብ ማለት ከአቅም በላይ ማቀድ ይሆናል። ሊታቀድ የሚችለው ዕውቀቱ ከማዕከል ወደ ታች የሚወርድበት መንገድ ነው። በማዕከላዊ ወታደራዊ ሆስፒታል የሠለጠነ አንድ ሐኪም የሪፈራል ሆስፒታል ባልደረቦችን ሊያስተምር ይችላል፤ እነዚያ የወረዳ ሆስፒታል ነርሶችንና ጤና መኮንኖችን፣ እነዚህም የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞችን ያስተምራሉ። የወረዳው ነርስ ሦስት ጥያቄዎችን ብትለማመድ ብዙ ሕይወት ይተርፋል፤ መታወኩ በድንገት ነው የጀመረው? ትኩሳት አለው? ምን መድኃኒት ወይም መጠጥ ጀመረ ወይም አቋረጠ? ለቀረው በስልክ መመካከር ይቻላል።

የመምህሩ ድርሻ ከዚህ አያንስም። አንድ ተማሪ ትኩሳት ይዞት በድንገት ቢቀባጥር ወይም ግራ ቢጋባ ቅጣት ሳይሆን በዚያው ዕለት ጤና ጣቢያ መድረስ እንደሚያስፈልገው መምህሩ ለወላጆች ማስረዳት ይችላል። አባቱ ከጦር ሜዳ የተመለሰ ልጅ በክፍል ውስጥ ቢያንቀላፋ ወይም ቢደነግጥ ምክንያቱ ስንፍና ላይሆን ይችላል። ጠበልና ጸሎት፣ ዱዓም ቢሆን፣ መድኃኒትን እንደማይከለክሉ ቄሱና ሼኹ ቢናገሩ ከማንም በላይ ይሰማሉ፤ እነርሱን ከጤና ባለሙያው ጋር የሚያቀራርበውም ብዙ ጊዜ መምህሩ ነው።

ማጠቃለያ

ከላይ እንደተገለጸው ይህ ሥልጠና የሥጋና የአእምሮ ሕመምን ለያይቶ ማየት የሚያስከትለውን ጉዳት ለማስቀረት የተዘጋጀ ነው። ዕቅድ አውጪው የሥልጠናውን ውጤት ሊለካ የሚገባው በተመራቂዎች ቁጥር ብቻ አይደለም። በቃሬዛ የመጣው ያ ገበሬ በዚያ ሌሊት በተረኛዋ ነርስ እጅ ደሙ ተመርምሮ፣ ወባው ታክሞ፣ በሦስተኛው ቀን ወንድሙን በስሙ ቢጠራ፣ በማዕከል የተደከመበት ሥልጠና መካነ ሰላም ደርሷል ማለት ይቻላል።