ከፍርስራሽ የታነጸ ዐጸድ

ሕንድ ከእንግሊዝ አገዛዝ ነጻ ወጥታ ለሁለት ስትከፈል፣ የፑንጃብ ጥንታዊ መናገሻ ላሆር በፓኪስታን ወሰን ውስጥ ስለ ቀረች፣ ለሕንዱ ፑንጃብ አዲስ ርእሰ ከተማ ማቆም ግድ ሆነና፣ ስመ ጥሩው መሐንዲስ ለ ኮርቡዚዬ በነደፈው ፕላን መሠረት ቻንዲጋር ተቆረቆረች። ዛሬ ወደዚያች ከተማ የሚዘልቅ እንግዳ ግን፣ ቀጥ ብለው የተሰመሩትን አውራ ጎዳናዎችና ግዙፋኑን የስሚንቶ ሕንጻዎች ካደነቀ በኋላ፣ ማንም መሐንዲስ ያልነደፈውንና ከከተማይቱ ጥራጊ የታነጸውን የኔክ ቻንድን የድንጋይ ዐጸድ ሳያይ አይመለስም።

ኔክ ቻንድ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1924 የተወለደ የገበሬ ልጅ ነው፤ የተወለደባት መንደር በ1947ቱ ክፍፍል ለፓኪስታን ስለ ደረሰች፣ ከዘመዶቹ ጋር ተሰዶ ወደ ሕንድ ተሻገረ፤ ከጥቂት ዓመታትም በኋላ በቻንዲጋር የመንገድ ሥራ ተቆጣጣሪ ሆኖ በመንግሥት ሥራ ተቀጠረ። አዲሲቱ ከተማ የምትሠራው ግን በባዶ ምድር ላይ አልነበረም፤ ነባሮቹ መንደሮች እየፈረሱ ነዋሪዎቹ ሲነሡ፣ የማሰሮ ገል፣ የብርጭቆ አምባር ስባሪና የተቀጠቀጠ ዕቃ ከየፍርስራሹ ሥር ይቀር ነበር። የገዛ መንደሩን ላንዴና ለዘለዓለም ያጣ ሰው የሌላውን መንደር ስባሪ በመንገድ ዳር ወድቆ ሲያየው፣ እንደ ማናቸውም አላፊ አግዳሚ ንቆት ሊያልፍ ኅሊናው እሺ አላለውም ብዬ አምናለሁ።

ስለዚህ ከ1957 ጀምሮ፣ የቀኑን ሥራ ፈጽሞ ሲወጣ፣ ያገኘውን ስባሪ ሁሉ በብስክሌቱ እየጫነ፣ ሕንጻ እንዳይሠራበት በተከለከለ ጫካ ውስጥ አከማቸ፤ ሌሊትም አሮጌ ጎማ እያነደደ በእሳቱ ብርሃን ሲሠራ፣ 18 ዓመት ያህል ምስጢሩን ከሹማምንቱ ሰውሮ ኖረ።

ሥራውን ቀረብ ብሎ ለሚመረምረው ሰው የጥበቡ ረቂቅነት ይገለጥለታል። የተጣለ ብስክሌት አጥንት ይሆናል፤ መቀመጫው የእንስሳ ራስ፣ ሹካው እግር፣ ማዕቀፉ ገላ ሆኖ ይቆምና በላዩ ስሚንቶ ይለበጣል። ስሚንቶው ሳይደርቅ፣ ቀይና አረንጓዴ የአምባር ስባሪዎች ጎን ለጎን ተሰድረው ስለሚተከሉበት፣ ከስሚንቶ የተቀረጸች ሴት ከአንገቷ እስከ እግሯ በኅብረ ቀለም ያሸበረቀ ቀሚስ የለበሰች ትመስላለች። ግድግዳውም ከሬንጅ በርሜልና ከኤሌክትሪክ ምሰሶ የሸክላ ሲኒ የተሠራ ነው። እኔን ከሁሉ ይልቅ የሚያስደንቀኝ፣ አምባሩ አምባርነቱን፣ ሲኒውም ሲኒነቱን አለመካዱ ነው፤ ያንን አምባር ያቀለጠው ባለ እጅ፣ በክንዷ ያጠለቀችውም ሙሽራ የደከሙበት ድካም ከዕቃው ጋር አብሮ ተሰብሮ አልጠፋም፤ ኔክ ቻንድ ያነሣውም ይህንኑ ድካም ነው።

ሹማምንቱ ነገሩን በደረሱበት ጊዜ፣ ሥፍራው ያለ ፈቃድ የተያዘ ስለ ነበረ፣ በሕግ ቃል ሲታይ የሚገባው መፍረስ ነበር። ነገር ግን አስተዳደሩ ማስተዋልን መረጠ፤ ዐጸዱን በ1976 ለሕዝብ ከፈተ፤ ለኔክ ቻንድም ደመወዝ ቈረጠለት፣ የመሐንዲስነት ማዕርግ ሰጠው፣ 50 ሠራተኞችም መደበለት። መንግሥት የበታች አገልጋዩን እንዲህ ባለ ልብ ሲያከብረው ማየት ብዙ ጊዜ የሚያጋጥም አይደለምና፣ ይህን ያደረጉት ሰዎች ምስጋና ይገባቸዋል። ከዚያ ወዲያ ጥራጊው በብስክሌት መለቀሙ ቀርቶ፣ በከተማይቱ ልዩ ልዩ ሥፍራ በተዘጋጁ ማከማቻዎች ይሰበሰብ ጀመር።

በ1990 ግን መንገድ ለማውጣት ሲባል የዐጸዱን ከፊል ለማፍረስ ቡልዶዘሮች መጡ። የከተማይቱ ሰዎችም ወጥተው፣ እጅ ለእጅ ተያይዘው በፊታቸው ቆሙ፤ መኪናዎቹም ሳይነኩት ተመለሱ። ኔክ ቻንድ በ2015 በ90 ዓመቱ ሲያርፍ፣ ዐጸዱ ከ10 ሄክታር በላይ ሰፍቶ፣ ፏፏቴዎችና ብዙ አደባባዮች ነበሩት።