በተሽከርካሪ አደጋ የተጎዳ ሰው መብት

በአሶሳ ከተማም ሆነ በጾሬ እግረኛው፣ ሞተር ሳይክሉና ባጃጁ አንዱን መንገድ ይጋራሉ። አደጋ ሲደርስ ግን «የሕክምናውን ወጪ ማን ይከፍላል?» የሚለው ስጋት ተጎጂውን ከሕክምና ሊያዘገየው አይገባም።

የተሽከርካሪ አደጋ የሦስተኛ ወገን መድንን በሚመለከተው አዋጅ ቁጥር 799/2005 መሠረት፣ በመንገድ ላይ የሚንቀሳቀስ ባለሞተር ተሽከርካሪ የመድን ሽፋን ሊኖረው ግድ ነው። በአደጋ የአካል ጉዳት የደረሰበት ማንኛውም ሰው አስቸኳይ ሕክምና የማግኘት መብት አለው፤ የጤና ተቋማትም ይህን አገልግሎት የመስጠት ግዴታ አለባቸው። ወጪው በሕግ እስከተወሰነው ጣሪያ ድረስ በመድን ይሸፈናል።

ጉዳት ያደረሰው ተሽከርካሪ አምልጦ ማንነቱ ባይታወቅ ወይም መድን የሌለው ሆኖ ቢገኝስ? በዚህ ጊዜ ለሞት ወይም ለአካል ጉዳት የሚከፈለውን ካሳ የመድን ፈንዱ ይሸፍናል። መድን ሳይገባ ያሽከረከረ ባለንብረት ግን ከተጠያቂነት አይድንም፤ ፈንዱ የከፈለውን ገንዘብ ሊጠየቅ ይችላል።

ስለዚህ አደጋ ሲያጋጥም፦

1. ተጎጂውን በአፋጣኝ በአቅራቢያ ወደሚገኝ ጤና ተቋም ያድርሱ።
2. የተሽከርካሪውን የሰሌዳ ቁጥር ይመዝግቡ፤ ካመለጠ ቀለሙንና የሄደበትን አቅጣጫ ያስታውሱ።
3. ለፖሊስ ያመልክቱ፤ የፖሊስ ማስረጃ ለካሳ ጥያቄ መሠረት ነው።
4. የሕክምና ማስረጃዎችንና ደረሰኞችን በጥንቃቄ ይያዙ።

የተሽከርካሪ ባለንብረቶችም የመድን ሽፋናችሁ የአገልግሎት ጊዜ ከማብቃቱ በፊት እንድታሳድሱ እናሳስባለን።