አሌክሲ ራትማንስኪ፦ የጠፋ ዳንስ የሚመልሰው ኮሪዮግራፈር

የባሌት እርምጃ የሚኖረው በዳንሰኛው ገላ ነው፤ ዳንሰኛው ለሌላ ካላስተማረው አብሮት ያልፋል። የአሌክሲ ራትማንስኪ የሥራ ሕይወት ከዚህ መጥፋት ጋር የተደረገ ትግል ነው።

ራትማንስኪ በ1968 (ዓመታቱ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) በሌኒንግራድ፣ በዛሬዋ ሴንት ፒተርስበርግ ተወልዶ ኪየቭ አደገ። ሙያውን የቀሰመው በሞስኮው የቦልሾይ ትምህርት ቤት ሲሆን፣ በኪየቭ፣ በካናዳዋ ዊኒፔግና በኮፐንሃገን ጨፍሯል።

እንደ ኮሪዮግራፈር ስሙን ካስጠሩት ሥራዎች አንዱ ‹ብሩሁ ጅረት› ነው። ሾስታኮቪች ሙዚቃውን የደረሰለት ይህ የጋራ እርሻ ኮሜዲ በ1935 ለመድረክ ቢበቃም፣ በማግስቱ ዓመት የሶቪየት ኮሚኒስት ፓርቲ ጋዜጣ ፕራቭዳ አወገዘው፤ ወዲያው ታገደ። ታሪኩን ከጻፉት አንዱ አድሪያን ፒዮትሮቭስኪ ኋላ ታስሮ ተገደለ። የፊዮዶር ሎፑኮቭ ኮሪዮግራፊም ጠፋ። ሙዚቃው ግን ተርፎ ነበርና፣ ራትማንስኪ በ2003 አዲስ እርምጃ ቀምሮ በቦልሾይ መድረክ ሕይወት ዘራበት። በ2004 የቦልሾይ ባሌት የጥበብ ዳይሬክተር ሆነ። ከ2009 ጀምሮ በአሜሪካን ባሌት ቲያትር ሠራ፤ በ2013 የማክአርተር ሽልማት ተሰጠው።

ከሁሉ የከበደው ሥራው የጥንቶቹን ባሌቶች መመለሱ ነው። ቭላድሚር ስቴፓኖቭ የተባለ ሩሲያዊ በ19ኛው መቶ ዘመን መጨረሻ እንቅስቃሴን በኖታ የሚጽፍበት ዘዴ ፈጥሮ ነበር። የድጓ ምልክት ዜማውን ለተማረ ሰው እንደሚያስታውሰው ሁሉ፣ ይህም እግርና እጅ ወዴት እንደሚሄዱ ለሚያውቅ ይነግራል። በዚህ ዘዴ የተጻፉትና ከሩሲያ አብዮት በኋላ ከሀገር የወጡት የባሌት ኖታዎች ዛሬ በሃርቫርድ ዩኒቨርሲቲ ይገኛሉ። ራትማንስኪና ባለቤቱ ታቲያና ማንበቡን ተምረው፣ የማሪዩስ ፔቲፓን የ1890 ሥራ ‹የተኛችው ቆንጆ›ን በ2015 ከምንጩ መለሱት። ዛሬ እግር ሽቅብ በሚወነጨፍበት ቦታ የጥንቱ ዳንሰኛ ዝቅ አድርጎ ያነሣው ነበር፤ በምትኩ እርምጃው ፈጣንና ረቂቅ ነበር። ተመልካቹ ይህን ልዩነት በዓይኑ አየ።

በየካቲት 2022 ሩሲያ ዩክሬንን ስትወር ራትማንስኪ ሞስኮ ውስጥ ለቦልሾይ አዲስ ባሌት እያዘጋጀ ነበር። ሥራውን ጥሎ ወጣ። በዚያው ዓመት በሄግ ከተማ ለተሰባሰቡ ስደተኛ የዩክሬን ዳንሰኞች ‹ጂዜል›ን አዘጋጀላቸው። በ2024 ደግሞ ለኒው ዮርክ ሲቲ ባሌት ‹ብቸኝነት›ን በማህለር ሙዚቃ ሠራ። መነሻው በካርኪቭ የተነሣ ፎቶግራፍ ነው፦ አባት ተንበርክኮ የተገደለ የ13 ዓመት ልጁን እጅ ይዟል። መድረኩም ላይ አባትየው እንዲሁ ተንበርክኮ፣ ሌሎቹ በዙሪያው ሲጨፍሩ ሳይንቀሳቀስ ይቆያል።

የታገደውን ያስነሣው ሰው በራሱ ዘመን የሆነውም እንዲረሳ አልፈቀደም። ራትማንስኪ ከዘመኑ ታላላቅ የባሌት ሰዎች ተርታ የሚቆመው ስለዚህ ነው።