ጂንሰንግ፦ ሥሩ፣ ጥቅሙና የሚጠይቀው መሬት

ጂንሰንግ በሰሜን ምሥራቅ ቻይና፣ በኮሪያና በሩሲያ ሩቅ ምሥራቅ፣ በደን ጥላ ሥር የሚበቅል፣ ለብዙ ዓመት የሚቆይ አጭር ተክል ነው። ለመድኃኒት የሚፈለገው ሥሩ ነው። ሥሩ እየጎለመሰ ሲሄድ ቅርንጫፍ ስለሚያወጣ እጅና እግር ያለው ሰው ይመስላል። ቻይናዎች «ረንሸን» የሚሉትም ከዚህ የተነሣ ሲሆን «ረን» በቋንቋቸው ሰው ማለት ነው።

በቻይና ባህላዊ ሕክምና ከሕመም በኋላ ለደከመ፣ የምግብ ፍላጎት ላጣና ትንፋሽ ለሚያጥረው ሰው ይሰጣል። ብዙውን ጊዜ ከሌሎች ሥሮች ጋር ተቀቅሎ ውኃው ይጠጣል። ሥሩ እንዲሁ ሲደርቅ ነጭ ጂንሰንግ፣ በእንፋሎት ተቀቅሎ ሲደርቅ ደግሞ ቀይ ጂንሰንግ ይባላል። በውስጡ ጂንሰኖሳይድ የሚባሉ ንጥረ ነገሮች እንዳሉ ታውቋል፤ ይሁን እንጂ ሁሉን ይፈውሳል የሚለው ዝና በምርምር አልተረጋገጠም። ደም እንዳይረጋ ዋርፋሪን የሚወስድ ወይም ለስኳር በሽታ መድኃኒት የሚወስድ ሰው ሐኪሙን ሳያማክር እንዳይጠቀምበት የልማት ሠራተኛው ሊነግረው ይገባል።

የጂንሰንግን ዋጋ የሰማ ኅብረት ሥራ ማኅበር «እኛስ ለምን አንተክልም?» ማለቱ አይቀርም። መልሱን ከዋጋው ሳይሆን ከተክሉ ጠባይ እንጀምር። ዘሩ ከፍሬው ሲወጣ በውስጡ ያለው ፅንስ ገና አልዳበረም። መጀመሪያ በሞቃት፣ ቀጥሎ በብርዳማ ወቅት ማለፍ አለበት፤ በደን ውስጥ የወደቀ ዘር ለመብቀል አንድ ዓመት ተኩል ያህል ይፈጅበታል። ቀጥተኛ ፀሐይ ቅጠሉን ስለሚያቃጥለው በማሳ ላይ ሲለማ ዳስ ይሠራለታል። ሥሩ የሚቆፈረው አብዛኛውን ጊዜ ተክሉ ከ4 እስከ 6 ዓመት ሲሞላው ነው። በዚያው መሬት ላይ ጤፍ ቢዘራ ኖሮ ስንት ጊዜ እንደሚታጨድ ገበሬው ራሱ ያስላ።

ከባዱ ችግር ግን የሚመጣው ከምርት በኋላ ነው። ጂንሰንግ የተነቀለበት መሬት ወዲያው ሁለተኛ ጂንሰንግ አያበቅልም። ሥር የሚያበሰብሱ ፈንገሶች በአፈሩ ውስጥ ይከማቻሉ፤ ሥሩ ራሱ የሚያመነጫቸው ኬሚካሎችም ተከታዩን ችግኝ ይጎዳሉ። ስለዚህ ማሳው 10 ዓመትና ከዚያም በላይ ከጂንሰንግ ማረፍ ይኖርበታል። በኮሪያ መሬቱን ውኃ አስተኝተው ሩዝ በመዝራት ጊዜውን ያሳጥራሉ። በቻይና ጂሊን ክፍለ ሀገር ግን አምራቾች አዲስ አፈር ፍለጋ በቻንግባይ ተራሮች ለብዙ ዓመታት ደን መንጥረዋል። ቁልቁለትና ቀሪ ደን ባለበት ወረዳ እኛ የምንፈራው ይህንኑ ነው።

የዱሩም ጂንሰንግ ቢሆን ሥሩ ተቆፍሮ ሲሸጥ ተክሉ አብሮ ይሞታል። በዚህ ምክንያት በቻይና እጅግ ብርቅ ሆኗል፤ የሩሲያው ዓለም አቀፍ ንግድ ደግሞ ከ2000 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በስምምነት ቁጥጥር ተደርጎበታል። የቻንግባይ ቆፋሪዎች የቆየ ልማድ ያልደረሰውን ተክል መተውና የበሰለውን ቀይ ፍሬ እዚያው አፈር ውስጥ መቅበር ነበር።

ከኢትዮጵያ በቀር በሌላ አገር የማይበቅለው ቀበሪቾም የሚሸጠው ለጭስ በሚፈለገው ሥሩ ነው፤ ሲቆፈርም ተክሉ ያልቃል። ማኅበሩ የመድኃኒት ሥር ሲረከብም ሆነ ሲያስቆፍር ሥሩ ከየትኛው ቦታ እንደወጣ፣ ተክሉ ዘር ጥሎ እንደነበረና በቦታው ምን ያህል ተክል እንደቀረ ጠይቆ በመዝገብ ይያዝ።